የነጋ የዘንድሮ ግብር

«ከሞተ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ካልሞተ ፊርማውን አምጪ። ሌላ መንገድ የለም፤ ቢኖር እኔው እነግርሽ ነበር» አላት የግብር ሠራተኛው ሚደቅሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዝቅ ማድረጉ ደግነት ነበር፤ ግን ከኋላዋ የተሰለፉት ነጋዴዎች አንድም ቃል አላመለጣቸውም። ጉሮሮውን የሚጠርገው ጠረገ፣ ጣሪያ የሚያየው ጣሪያ አየ። ትርፌ በአንድ እጇ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላ፣ በሌላው ከነጠላዋ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ የባሏን ምሳ ዕቃ ይዛ መስኮቱ ፊት እንደቆመች ቀረች። ቀኑ ሐምሌ ሠላሳ፣ ረቡዕ ነው። የስድሳ አራትም የሰባም ግብር ሲከፈል እንደነበረው ሁሉ የሰባ ሁለቱም ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያልከፈለ ነጋዴ ነገ ጧት ሱቁ ይታሸግበታል። ሱቁ በነጋ ስም ነው፣ የንግድ ፈቃዱም በነጋ ስም ነው፣ ነጋ ደግሞ «ለአንዳንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ከቤቱ ከተወሰደበት ከጥቅምት ወዲህ እስር ቤት ነው።

«ጓድ፣ ሱቁን የምከፍተው እኔ፣ የምዘጋው እኔ» አለች። «ነጋ ከጥቅምት ወዲህ አንዲት ክብሪት አልሸጠም። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ልፈርም።»

«ፈቃዱ ላይ ያለሽው አንቺ አይደለሽማ።»

«ውክልና ላውጣ?»

«ውክልናም ያው የሱን ፊርማ ይጠይቅሻል፣ እህቴ።»

ሚደቅሳ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ረግመውት ይሄዳሉ። ቅጹን ራሱ ሞላላት፤ የግብር ከፋዩን ስም፣ የንግዱን ዓይነት፣ ገማቾቹ የቆረጡትን የቀን ሽያጭ። «አድራሻ» የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩን አንሥቶ ትንሽ አሰበና፣ የእስር ቤቱን ትቶ የልደታውን የቤት ቁጥር ጻፈ። «አስፈርመሽ አምጪው። አንቺ ደግሞ ከሥሩ የባለቤቴ ነው ብለሽ ታረጋግጫለሽ፣ አለቀ። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት እዚሁ ነኝ» አላት። ከራሱ በላይ የሦስቱ ጢማም ፈላስፎች ሥዕል ተሰቅሏል። ሦስቱም ወደ አንድ ጎን ነው የሚያዩት፣ ትርፌ ወዳለችበት ሳይሆን ወደ መስኮቱ።

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ እስር ቤቱ የሚወስደውን መንገድ እግሯ ያውቀዋል፤ ዓይኗን ጨፍና ብትሄድም አትስትም። ዝናቡ የሐምሌ ዝናብ ነው፣ ሲያባራ እንኳ ከዛፉና ከጣሪያው አያባራም። ቅጹን በላስቲክ ጠቅልላ ጡቷ መካከል ወሽቃዋለች። ወረቀት፣ መርፌና እስክሪብቶ እስር ቤት እንደማይገባ ታውቃለች፤ ይህን የማያውቅ የእስረኛ ቤተሰብ የለም። ግን ሌላ የምታደርገው አልነበራትም። ባለፈው ሳምንት የቀበሌው ሊቀመንበር ሜትር ይዞ መጥቶ ነበር። ሰላምታ ሰጠ፣ አማቷን ስለ ጉልበታቸው ጠየቀ፣ ከዚያ ሱቁን በርዝመትም በጎንም ለካና «ለኅብረት ሱቁ የስኳር መጋዘን ይበቃል» አለ፣ ባለቤቶቹ ቤት ውስጥ የሌሉ ይመስል። ከሱቁ ጀርባ ያለችው የሚኖሩባት ክፍል መግቢያዋ በሱቁ በኩል ነው። ሱቁ ከታሸገ አሮጊቷም፣ የአምስት ዓመቷ ትዕግሥትም፣ እሷም ውጭ ናቸው። ዝናቡ ደግሞ እስከ መስከረም አለ።

እስር ቤቱ በር ላይ የስንቅ አቀባዮቹ ሰልፍ ግንቡን ተከትሎ ዞሯል። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ እዚህ ሰልፍ ላይ ወንድ የሚታየው ወይ በጣም ሲያረጅ ወይ በጣም ሲደፍር ነው። ከትርፌ ፊት ፀዳለ ቆማለች፣ ልጇ የታሰረባት የሰንጋ ተራ ጠላ ሻጭ። ሰልፉ ላይ ስለ እስረኛ አይወራም፤ የሚወራው ገበያ ነው። ጤፍ ኩንታሉ መቶ ብር ሊገባ ነው፤ ሽንኩርት ጭራሽ ጠፍቷል፤ ዘይት ቀበሌ መጥቶ ነበር አሉ፣ ለማን እንደታደለ ግን ያደለው ያውቃል። «ዛሬስ ቅቤ አላደረግሽበትም?» አለች ፀዳለ ቋጠሮውን በዓይኗ እየጠቆመች፣ ሁለቱም ሳቁ። በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ ትርፌ ተሳስታ ለልጅቷ የተሠራውን ቅቤ የገባበት ሽሮ ልካ፣ ምሳ ዕቃው አንድ ጉርሻ ሳይነሣለት ተመልሶ መጥቶ ነበር። የያኔው ጠባቂ «ባልሽ ቅቤ ሸተተኝ ብሎ ጦሙን ዋለ፤ ለልጄ መልሱላት አለ» ብሎ ሰልፉን ሁሉ አስቆበታል። ነጋ እንዲህ ነው። ሱቅ እያለም ረቡዕና ዓርብ ከደንበኛ ጋር ማኪያቶ አይጠጣም ነበር። ትርፌ ያን ቀን እቤቷ እስክትገባ አለቀሰች፣ ግን ኮርታበትም ነበር።

«ዛሬስ በዘይት ነው። ነገም ፍልሰታ ይገባል» አለች።

«የነጋ የሚታጠብ ልብስ አሁንም አልወጣም?» ፀዳለ የልጇን የታጠበ ሸሚዝ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ከሰኔ ወዲህ ውስጥ ያጥባሉ አሉኝ።»

ፀዳለ ይህን ስትሰማ ሸሚዙን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችውና ወደ ሽንኩርቱ ወሬ ተመለሰች። ትርፌም ደስ አላት፤ ስለ ሽንኩርት ቢወራ ይሻላል።

በመስኮቱ በኩል ስንቅ የሚቀበለው ጋሻው የሚባል ጠባቂ ነው፣ ከገጠር የመጣና እዚህ ከተመደበ ገና ወር ያልሞላው ወጣት። ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ ከኋላው ባለው ጠረጴዛ ላይ ከፈተና በማንኪያ ቆፈር ቆፈር አድርጎ ከደነው። ትርፌ ወረቀቱን ስታወጣ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ወረቀት አይገባም።»

«የግብር ነው፣ ወንድሜ።»

«የምን?»

«የመንግሥት ግብር። ዛሬ ካልተከፈለ ለመንግሥት የሚገባው ገንዘብ ይቀራል። ማን ከለከለ ቢባል እንግዲህ…» ቃሉን ሳትጨርስ ተወችው። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አታውቅም።

ጋሻው ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ ማኅተሙን አየው፣ ከዚያ ይዞት ወደ ውስጥ ገባ። ሰልፉ አጉረመረመ። ሲመለስ ፊቱ ቀለል ብሎታል። «ይግባ ተብሏል። እስክሪብቶ ግን አይገባም፤ በአሻራ ነው የምናስደርገው። ቆዪ» አላት። እንዲህ ነው እንግዲህ። በዐሥር ወር ውስጥ ለአንዲት መስመር ሰላምታ ያልተከፈተው በር ለግብር ተከፈተ። መንግሥት ስንቱን ሰው ያጣል፤ ግብር ከፋይ ግን አይጠፋበትም።

ትርፌ ከግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሌላ ጊዜ ስትጠብቅ ስለ ሱቁ ነበር የምታስበው፤ ሳሙና አልቋል፣ ላምባ ይመጣል አይመጣም፣ ሻማው አይጥ በላው። አሁን ግን ስለ እጁ ብቻ አሰበች። እጁ ያንን ወረቀት ሊነካ ነው። ምን እንደተጻፈ ያነባል፣ የእሷ ነገር መሆኑን ያውቃል፣ ሱቁ ዛሬም እንዳለ ያውቃል። ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም እሷም የያዙት አንድ ነገር ይኖራል። ደስ ብሏት ነበር፤ ድንጋይ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ፣ እውነተኛ ደስታ።

እኩለ ቀን ሲሆን ጋሻው ባዶዎቹን ዕቃዎች በየስሙ እየጠራ ማደል ጀመረ። የነጋ ምሳ ዕቃ ተጠርጎ ተበልቶ ባዶውን ወጣ። ወረቀቱን ለብቻ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ከታች በኩል ወፍራም ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል።

«ጣታቸውን ራሴ ይዤ ነው ያስነካኋቸው፤ እጃቸው በጣም ይንቀጠቀጣል። ጥሩ ሽማግሌ ናቸው። ተባረክ ብለው መረቁኝ» አላት።

«ሽማግሌ?» አለች። ነጋ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

«ምነው፣ ራሳቸው እኮ ጥጥ ነው!»

ትርፌ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እስር ቤት እንዲህ ያደርጋል አሉ፤ በአንድ ሌሊት የሸበተ ሰው አለ ሲባል ሰምታለች። ለዚያ ጥቁር ፀጉሩ አለቀሰችለት፣ ጠባቂውን አመሰገነችው፣ ወረቀቱን በላስቲኩ ጠቅልላ ወደ ጡቷ መለሰችና ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። እርምጃዋ ሩጫ ነበር። አሻራውን መጀመሪያ እናቱ ማየት አለባቸው።

ቤታቸው ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። ሱቁን አልፈው ሲገቡ አንድ አልጋ፣ አንድ መደብ፣ አንድ ጠረጴዛና በቆርቆሮው ጣሪያ ቀዳዳ ሥር የተቀመጠ ባልዲ ያለባት ክፍል ናት። ቤተሰቡ በጉራጌኛ አዶት የሚላቸው የነጋ እናት ፀሐይቱ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የነጋ ታላቅ ወንድም ፍሰሐ ለምሳ መጥቷል። ፍሰሐ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል፤ ወንድሙ ከታሰረ ጀምሮ እስር ቤቱ ባለበት መንገድ አልፎ አያውቅም፣ ስሙንም ጠርቶ አያውቅም። «እሱ» ነው የሚለው። ሌላው ሁሉ ሲጠየቅ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ያልፈዋል። አይፈረድበትም፤ ሦስት ልጆች አሉት። ቢሆንም አዶት ከልጃቸው ጋር እያወሩ ዓይናቸውን የሚያሳርፉት እሱ ላይ ሳይሆን ጫማው ላይ ነው፤ ጭቃ እንኳ ያልነካው ጫማ።

«አስፈረምኩ!» አለች ትርፌ ገና ሳትቀመጥ። «በጣቱ ነው። ይኸው!»

አዶት ፊደል አያውቁም። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አሻራዋን እስኪያገኙ ድረስ ገለባበጧት። ሲያገኟት ሳሟት፤ ከዚያ ግንባራቸውን አስነኳት፣ ደግመው ሳሟት። «ልጄ» አሉ። ፍሰሐ ሰሃኑ ላይ አቀርቅሮ ይጎርሳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ወረቀቱን አየና ወዲያው ወደ በሩ ዞረ፣ ከውጭ ሰው እንደሌለ ለማረጋገጥ። ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ተናገረ።

ትዕግሥት ራበኝ አለች። ለእሷ ምሳ ከትናንት ማታ የተቀመጠላት ነበር። ፍልሰታ ሐሙስ ስለሚገባ፣ ዋዜማው ደግሞ ረቡዕ ስለሆነ፣ የቤቱ ቅበላ ማክሰኞ ማታ ነበር፤ አዶት ከየት አምጥተው እንደሆነ ቅቤና አይብ አግኝተው ጎመን ክትፎ ሠሩ። የተረፈው ለልጅቷ በአንዱ ምሳ ዕቃ ተቀመጠ። በሌላው ደግሞ ለነጋ ጎመን በዘይት ተሞላ። ምሳ ዕቃዎቹ አንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዙ ናቸው፣ ዳራቸው ሰማያዊ፣ አንዱን ከአንዱ የሚለይ ነገር የላቸውም። አዶት ከመደርደሪያው ያለውን አውርደው ለልጅቷ ከፈቱት። አሸተቱት። ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱ።

«ይኼ በዘይት ነው» አሉ።

ትርፌ ከእስር ቤት ያመጣችውን ቋጠሮ ፈታች። ክዳኑን ስታነሣ የቅቤው ሽታ ክፍሉ ውስጥ ገባ። ዳርና ዳሩ ላይ ቢጫ ቅቤ ረግቷል፤ ከታች ግን በእንጀራ ተጠርጎ ተበልቷል፣ አንድ ቅጠል አልቀረም። ጧት ተነሥታ ስትወጣ ሐሳቧ ሁሉ ግብሩ ላይ ነበር፤ እጇ ያገኘውን አንሥታ ወጣች። በእግዚአብሔር፣ እንዴት ያለ ስሕተት ነው! ቀድሞ ያሰበችው ጾሙን መዋሉን ነው፣ ሆዱ ባዶ መሆኑን። ከዚያ እንደገና ወደ ባዶው ምሳ ዕቃ አየች።

«ርቦት ይሆናላ» አለ ፍሰሐ። «ወይ ደግሞ ለጓደኞቹ ሰጥቶት ይሆናል። እዚያ ውስጥ ጠያቂ የሌለው ስንት አለ።»

«ያኔስ ለምን አልሰጠም?» አሉ አዶት።

ፍሰሐ ሌላ እንጀራ ቆረሰ። ዝናቡ ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። አዶት ምራታቸውን አዩ። «ጠባቂው ምን አለሽ? ያለሽን ሳትቀንሺ ንገሪኝ።»

ትርፌ ልትዋሽ ፈለገች፤ እንዲህ ዓይነቱን ውሸት ግን አፏ አያውቅም። «ሽማግሌ ናቸው አለኝ። ራሳቸው ጥጥ ነው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል አለኝ።»

ልጅቷ ጎመን በዘይቱን በጣቷ እያነሣች መብላት ጀመረች፤ ማንም አልከለከላትም። «በእኛ ዘር ወንድ አይሸብትም» አሉ አዶት በመጨረሻ፣ ስለ ገበያ እንደሚያወሩ ባለ ድምፅ። «አባቱን ስንቀብረው ፀጉሩ ከሰል ነበር።» ፍሰሐ ማኘኩን አቆመ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ፤ ከዘጋው በኋላ ግን ምን እንደሚያደርግ አላወቀም፤ እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ ቆመ። ወንድሙ ነው፤ በጀርባው አዝሎ ያሳደገው ታናሹ። ግንባሩን በሩ ላይ አሳረፈ። ካፖርቱን ለበሰ። «ቢሮ ይረፍድብኛል» አለና በሩን መልሶ ከፍቶ ወጣ።

ትርፌ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልትጮህ ነበር። አዶት ቀድመዋት ተነሡ። የሳሟትን ወረቀት ከመደቡ ላይ አነሡ፣ በእጥፋቷ አጠፏት፣ ላስቲኩን መልሰው ጠቀለሉባትና እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«አንቺም ተነሺ» አሏት። «ይዘጋብሻል።»

መንገዱን እንዴት እንደሄደችው፣ የት የት ስትቆም እንደዋለች አታውቅም። አንድ ሰው ነበር በልቧ የያዘችው፣ አይታው የማታውቅ ሽማግሌ። ጠያቂ የሌለው፣ ከሩቅ አገር ያመጡት ሊሆን ይችላል። የነጋ ስም ሲጠራ፣ ነጋ ሳይኖር፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ተያይተው «አቤት ይበሏቸው፣ አባባ፤ ስንቁ ለምን ይቅር?» ብለውት ይሆናል። ከሰኔ ወዲህ፣ ልብስ መውጣት ካቆመ ወዲህ፣ የእሷን እንጀራ የበላው እሱ ነው። ሽንኩርት ቢጠፋ ከጎረቤት ለምና፣ ዘይት ቢጠፋ ለልጇ ቀንሳ፣ ለዚያ ሰው ስትሸከም ኖራለች። ልትጠላው ሞከረች። የሚንቀጠቀጥ እጁንና ምርቃቱን ስታስብ አቃታት፤ ወዲያው ደግሞ ስለበላው፣ ስለጣፈጠው፣ ሰሃኑን በእንጀራ ስለጠረገው ከልቧ ጠላችው። በላይዋ ስለወረደው ነገር ሁሉ የምትጠላው ሌላ ሰው አልነበራትም፤ ሌሎቹ ስም የላቸውም።

ግብር ቢሮው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደረሰች። ሰልፉ አልቆ ሚደቅሳ ብቻውን ወረቀት ያሥራል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ቅጹን ሲያይ ይበልጥ በራ።

«አየሽ፣ ተገኘ! እኔ እኮ አይሳካላትም ብዬ ነበር» አላት። እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ትርፌም አወቀችለት። «ነይ እዚች ጋ ፈርሚ። ‹ከላይ ያለው አሻራ የባለቤቴ መሆኑን አረጋግጣለሁ› ነው የሚለው።»

ብዕሩን ያዘች። አይደለም ብትል ምን ይሆናል? ነጋ ሞተ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ከአፏ የምታወጣው እሷ ትሆናለች፤ ሬሳ ሳታይ፣ ቀብር ሳትቀብር፣ በአንድ ሰሃን ጎመን ፈርዳበት። ሚደቅሳም የሞት ምስክር ወረቀት አምጪ ይላታል፣ የሚሰጣት የለም። ሱቁም ነገ ይታሸጋል፣ የአዶትም መደብ ዝናብ ላይ ይወጣል። ነው ብትል ደግሞ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ያንን በር መቆም አለባት፤ በመዝገብ ያለ ሰው ስንቅ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ አሰበችው።

«ስሕተት ቢሆንስ?» አለች።

«የምን ስሕተት?»

ሚደቅሳ ቀና ብሎ አያት። መነጽሩን አወለቀ። የሆነ ነገር ፊቱ ላይ አለፈ፤ ጥያቄ ሊጠይቅ የፈለገ ይመስል ነበር፣ ከዚያ የፈራ። መነጽሩን መልሶ አደረገና ሌላውን ወረቀት ማሠር ቀጠለ።

«ምንም» አለች፣ ፈረመችም። ስሟን ሙሉውን ጻፈች፣ የትዳሯን ዘመን ሁሉ እንደምታረጋግጥ ሰው። ገንዘቡን ከፈለች፣ ደረሰኙን ተቀበለች። ማኅተሙ ሲመታ ድምፁ ባዶው ክፍል ውስጥ አስተጋባ።

«ለዘንድሮ ተገላገልሽ» አላት ሚደቅሳ ሳያያት። ከዚያ ደግሞ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ በሹክሹክታ፣ «እግዜር ያውቃል፤ የሚመጣው ሐምሌ ራሱ ወጥቶ ይፈርም ይሆናል» አለ። ትርፌ አሜን አለች። አሜን ማለት ልማድ ነው፤ አፍ ብቻውን ይለዋል።

ልደታ ስትደርስ መሽቶ ነበር። ሱቁ አልተከፈተም፤ አንዲት ጎረቤት ክብሪት ፈልጋ አንኳኩታ ሄዳለች። አዶት መብራት ሳያበሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ትዕግሥት አጠገባቸው ተኝታለች። ሣጥናቸው ተከፍቷል። ባላቸው የሞተ ጊዜ የለበሱት ጥቁር ቀሚስ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል፤ ሲዳብሱት የቆዩ ይመስላል። ትርፌ ሻማ ለኮሰችና ደረሰኙን አሳየቻቸው። አዶት አልነኩትም።

«አለ ብለሽ ፈረምሽ?»

«አለ ብዬ ፈረምኩ፣ አዶት።»

«ደግ አደረግሽ።» ከግድግዳው ማዶ ያለው የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሰዎች ዕቃ ሲያነሡ ይሰማል፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሳል እንኳ አይደብቅም። እናት ከጮኸች ሰፈሩ ይመጣል፤ ሰፈሩ ከመጣ ሊቀመንበሩ ይመጣል፤ በሕይወት አለ ተብሎ ግብር ለተከፈለበት ሰው ለቅሶ የተቀመጠች እናት ምን ብላ ትመልሳለች? አዶት ይህን ማንም ሳይነግራቸው አውቀውታል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወረቀቱ እስከ መቼ ነው የሚያገለግለው?»

«እስከሚመጣው ሐምሌ።»

አዶት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀሚሱን በጥንቃቄ አጠፉት፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አደረጉ፣ ሣጥኑ ውስጥ ከሥር አስገብተው ሌላውን ልብስ ከላዩ ጫኑበት።

«እንግዲያው እስከሚመጣው ሐምሌ አላለቅስም» አሉ።